ደረጃ ቆጣሪዋና ባዶው ሰባተኛ ቀን

የሥራ ባልደረቦቿ ስሟን ትተው «ደረጃ ቆጣሪዋ» ይሏታል። ቢሏትም አይፈረድባቸውም። በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሽርሽር ስታቅድ፣ በደወለችበት ሁሉ የመጀመሪያ ጥያቄዋ አንድ ነው፤ ስንት ደረጃ አለው? ሙዚየም ይሁን ሆቴል፣ መርከብ ይሁን መናፈሻ፣ ለእሷ ሁሉም ደረጃ ነው። ቀጥላ ደግሞ አግዳሚ ወንበሩ ከበሩ ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ትጠይቃለች። ከወዲያ ስልኩን ያነሳው ሰው እየሳቀ ሄዶ ቆጥሮ ይመለሳል። ሌላማ ምን ያደርጋል? ካልነገሯት አትዘጋም።

ይህን አመል ያመጣባት የገዛ ጥፋቷ ነው። ገና ጀማሪ ሳለች ለሁለት አዛውንት ባልና ሚስት ፕሮግራም አወጣችና አንድ የታወቀ ማማ እንዲያዩ ላከቻቸው። ካርታው ላይ ማማው ከሆቴላቸው የሚርቀው ጣት የማይሞላ ነው። ካርታ ደግሞ ዳገቱን አይናገር፣ ውስጥ ያለውን አራት መቶ ደረጃ አይናገር። አዛውንቱ መሀል ላይ ራሳቸውን ሳቱ። ሐኪም ደርሶላቸው ተረፉ፤ እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ካርታ የሚባል ነገር አምና አታውቅም።

ሌላም አመል አላት። የሳምንት ጉዞ ስታወጣ ስድስቱን ቀን ደቂቃ ሳታስቀር ትሞላና ሰባተኛውን ባዶ ትተወዋለች። ለምን ሲሏት፣ ሰው እንዳሻው የሚጠፋበት አንድ ቀን ያስፈልገዋል ትላለች። ደንበኞቿ ይሄን ይወዱላታል። በሥራዋ ከልቧ የምትኮራበት ነገር ቢኖር ያ ባዶ ቀን ነው። እሷ ራሷ ግን፣ ወይ ጉድ፣ አንድ ቀን እንኳ አውሮፕላን ላይ ወጥታ አታውቅም።

አሁን የምታቅደው ግን የራሷን ጉዞ ነው፤ የራሷንና የእትዬን። እትዬ ታላቅ እህቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ እናታቸው ከሞተች ጀምሮ በመርፌዋ ያሳደገቻት እሷ ናት። ዛሬም ሁለቱ ብቻ በአንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አብረው ይኖራሉ። ከስፌት መኪናው በላይ ግድግዳው ላይ አንድ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል፤ ዓመቱ ካለፈ ቆየ፣ ሥዕሉ ግን አልወረደም። ሥዕሉ ባሕር ጠርዝ ላይ የተሠራች ሞቃታማ ከተማ ነው፤ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃዎች፣ በሕንፃዎቹ ጣሪያ ላይ ዛፍ፣ በዛፉ ላይ ዝናብ። እትዬ ክር ልታስገባ ባለች ቁጥር ቀና እያለች ስታያት ሃያ ዓመት አለፈ። «አንድ ቀን» ትላለች፤ ሌላ አትጨምርም።

ያ አንድ ቀን እያለቀ ነው። የዓይን ሐኪሙ ሳይደብቅ ነገራቸው፤ እይታዋ ከዳር ወደ መሀል እየጠበበ ነው፣ ስድስት ወር ቢቆይ ነው። እትዬ የቀሚስ ልኬት የተነገራት ይመስል ዝም ብላ ሰማችው። ታናሽየዋ ግን ከክሊኒኩ ወጥታ ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ስንት ደረጃ እንደሆነ እንኳ አልቆጠረችም። በነጋታው የዓመት ፈቃዷን ጠየቀች። እትዬ ዓይኗ ሳይጠፋ ያቺን ከተማ ታያለች፤ አለቀ።

ለጥቂት ቀናት ቤቱ ደመቀ። ከሥራ መልስ ካርታው ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል፣ እርሳስ ይቀረጻል፣ ክርክሩ ይጀመራል። የመጀመሪያው ቀን እረፍትና የወንዝ ዳር መንገድ፤ ሁለተኛው መስታወት ቤት ውስጥ የበቀለው ደን፤ ሦስተኛው ከተማውን በሙሉ ከላይ የሚያሳየው ሰገነት፤ አራተኛው በሽቦ ላይ በሚሄድ ሠረገላ ተንጠልጥሎ ወደ ደሴቱ መሻገር። አምስተኛው ላይ ተጣሉ። እትዬ ጨርቅ ገበያውን ካላየሁ አልሄድም አለች፤ ታናሽየዋ ደግሞ፣ ጨርቅ ስታዪ አይደል ዓይንሽ የጠፋው፣ የወፍ መናፈሻውን እንይ ብላ ወጥራ ያዘች። ማን እንዳሸነፈ መናገር አያስፈልግም፤ ጨርቅ ገበያው ገባ። ስድስተኛው የጀልባ ሽርሽር ሆነ። የሚነሱበትንም ቀን ቆረጡ፤ ለማንም አልተናገሩም። ሰባተኛው እንደ ልማዷ ባዶ ቀረ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት፣ ባልደረቦቿ ሲወጡላት፣ ቢሮዋ ውስጥ ስልኩን ይዛ ተቀመጠች። መጀመሪያ የደወለችው ለመስታወት ቤቱ ደን ነው። ትኬት ሻጯ ጥያቄዋን አላስጨረሰቻትም። ደረጃው አርባ አንድ ነው አለቻት፤ እኛ አርባ ስንል ራስዎ ቆጥረው ያረሙን እርስዎ አይደሉም እንዴ ብላ ሳቀች። ደረጃ ቆጣሪዋም አብራት ሳቀች። ለደንበኛ ስንት ጊዜ ደውላለች፤ ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶባት ይሆናል። ከዚያ ለጀልባዎቹ ቢሮ ደወለች። እዚያ ደግሞ፣ ጃንጥላዎን ረስተውት ሄደው እስካሁን አስቀምጠንልዎታል፣ መያዣው በአረንጓዴ ክር የተጠቀለለውን፣ አሏት። ይሄኔ ሳቋ ከፊቷ ጠፋ። የእትዬ ጃንጥላ መያዣው ተሰንጥቆ እትዬ በአረንጓዴ ክር የጠቀለለችው ገና ትናንት ነው። ጃንጥላው ዛሬ ጠዋት በር ጀርባ ተሰቅሎ ነበር፤ ስትወጣ በክንዷ ገፋ አድርጋዋለች።

ቀጥላ ለሆቴሉ ደወለች። የእንግዳ መቀበያው ሰው ድምፁ የረጋ፣ ጨዋ ሰው ነው። ስሟን ስትነግረው እንደ ዘመድ ተቀበላት። ያው አምስተኛ ፎቅ፣ መስኮቱ ወደ ዛፎቹ የሚያየው ክፍል ይሁንልዎ አይደል? አላት።

«ጌታዬ፣ ተሳስተዋል። እኔ እዚያ መጥቼ አላውቅም» አለች።

ሰውዬው ሊያስቀይማት እንደማይፈልግ ሰው ቀስ ብሎ ይነግራት ጀመር። ከእህትዎ ጋር መጥተው ነበር፤ እህትዎ መንገድ ሲሻገሩ ያንጎራጉራሉ፤ እርስዎ ደረጃ ሲወጡ ከንፈርዎ ይንቀሳቀሳል፤ ትራስ በዛ ብለው አንዱን መልሰዋል። ትራስ ሲበዛ አንገቷን እንደሚያማት ከእትዬ በቀር የሚያውቅ ፍጥረት የለም።

«በሁለተኛው ጊዜ ግን ቀሩብን» አለ ሰውዬው። «እህትዎ ብቻቸውን መጡ።»

«ብቻዋን? ማን እየመራት?»

«ማንም። ጥቁር መነጽር፣ በትር፣ እርስዎ የጻፉት የጉዞ ወረቀት፤ ሌላ የለም። ጠዋት ጠዋት ወረቀቱን አነብላቸዋለሁ፤ ስንት ደረጃ፣ ስንት እርምጃ፣ ወንበሩ በየት በኩል እንደሆነ። በቃላቸው ይዘው ይወጣሉ። ስድስት ቀን አንዴም አልተሳሳቱም። እኔን የከበደኝ ሰባተኛው ነው።»

ሰባተኛው ቀን ምን ሆነ ብላ ጠየቀች።

«ባዶ ነበር። ምንም አልተጻፈም አልኳቸው፤ አላመኑኝም፣ ገልብጠህ እይ አሉኝ። ገለበጥኩ፤ የለም። ከዚያ እዚሁ ፊት ለፊቴ፣ ወንበር ላይ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው እስኪመሽ ተቀመጡ። እርስዎስ ለምን እንደቀሩ ስጠይቃቸው፣ አመሏ ነው፣ ሰባተኛውን አትጽፍም፣ አሉኝ። ሌላ መልስ አልሰጡኝም።»

ሰውዬው ያላመነችው መስሎት የሁለቱን ጊዜ የእንግዳ ካርዶች ፎቶ ላከላት። በመጀመሪያው ላይ የእሷና የእትዬ ፊርማ ጎን ለጎን አለ፤ እሷ የራሷን ፊርማ አታጣውም። በሁለተኛው ላይ ያለው የእትዬ ብቻ ነው፣ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ላይ የሸሸ፣ ሳያይ የፈረመ ሰው ፊርማ። ሁለቱም ካርድ ላይ ቀኑና ወሩ እንጂ ዓመቱ አልተጻፈም። በመጀመሪያው ካርድ ላይ ያለው ቀን ትናንት ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ የቆረጡት ቀን ነበር።

ሞኝ አይደለችም፤ ገባት። ሰውዬው እንዳለፈ ነገር የነገራት ገና የሚመጣውን ነው። አንድ ጊዜ አብረው ይሄዳሉ። በሁለተኛው ጊዜ እትዬ ዓይኗ የለም፣ እሷ ራሷም የለችም።

ፈራች። ፍርሃቷን ለምን እንሸፋፍንላታለን? ካርታውን አጣጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተተችው። ካልሄድን የመጀመሪያው ካርድ የለም፣ እሱ ከሌለ ሁለተኛው ከየት ይመጣል ስትል አሰበች። መኖር ማን ይጠላል? ለእትዬ አውሮፕላኑ ሞልቷል ብላ ዓይኗን በጨው አጥባ ዋሸቻት። እትዬ ይሁን ብላ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። ሁለት ቀን ስለ ጉዞው ያነሳ የለም።

በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስትመለስ እትዬን ከቀን መቁጠሪያው ሥር ቆማ አገኘቻት፤ አፍንጫዋ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ሚጡ፣ አረንጓዴው የቱ ጋ ነበር?» አለቻት።

ሚጡ የምትላት ከልጅነቷ ጀምሮ እትዬ ብቻ ናት። ጣቷን ይዛ አረንጓዴው ላይ አሳረፈችላት። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ካርታውን አወጣች። በራሷ አፈረች። እሷ ብትሄድም ባትሄድም ሞት አድራሻዋን አይጠይቃትም፤ የእትዬ ዓይን ግን ቀጠሮ አይሰጥም። ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ሲያንገበግባት የሰነበተው ሞቱ ብቻ አልነበረም። ያ ወንበር ነው። እትዬ ቦርሳዋን አቅፋ፣ በታናሽየዋ የኩራት አመል ምክንያት፣ ሙሉ ቀን የተቀመጠችበት ወንበር ነው።

በማግስቱ ለዚያው ሆቴል ደወለች፤ ያው ሰው አነሳ። ለሁለት ሰው ያዘች። በእሷ ሥራ ለሚመጣው ዓመት ክፍል አስቀድሞ ማስያዝ የተለመደ ነውና፣ ያንኑ ክፍል ለሌላ ጊዜም እንዲያቆይላት ጠየቀችው፤ አንድ አልጋ፣ በእህቷ ስም። ሰውዬው ለምን አላላትም። ቀጥላ ከሆቴሉ በር ወደ ግራ ሲኬድ ምን እንዳለ ቆጥሮ እንዲነግራት ለመነችው። ስልኩን እንደያዘ ወጣ። የጫማው ኮቴ ይሰማታል፤ ትንሽ ቆይቶ ዝናቡ ይሰማት ጀመር። ዓይኗን ጨፍና አብራው ቆጠረች። አግዳሚ ወንበር ጋ መድረሱን ሲነግራት ይቁሙ አለችው፤ ቆመ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወረቀቱን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ጨረሰችው። እትዬ ቀረብ ብላ በጣቷ ዳሰሰችው፤ የእርሳሱ ጫና የት እንደደረሰ በእጇ ታውቃለች።

«ይሄ የመጨረሻው ባዶ አልነበረም እንዴ?» አለች።

«አመሌን ተውኩት።»

«ደግ አደረግሽ። እስቲ አንብቢልኝ።»

ደረጃ ቆጣሪዋ አነበበችላት፦

«ሰባተኛ ቀን። ከሆቴሉ በር ሦስት ደረጃ ውረጂ። ወደ ግራ ታጠፊ፤ መቶ ስልሳ ሁለት እርምጃ። በስተቀኝሽ አግዳሚ ወንበር አለ፣ ከበላዩ ትልቅ ዛፍ። ተቀመጪ። ዝናብ ይመጣል፤ ሞቃት ነው፣ አትነሺ። ወንበሩ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ መሀሉ ላይ አትቀመጪ።»

እትዬ ፊቷን ወደ እሷ አዙራ ቆየች። በዚያች በቀረችው ጠባብ እይታ የእህቷን ፊት ፈልጋ እስክታገኝ ጊዜ ወሰደባት። ሲሄዱ አጠገቧ እንደምትቀመጥ ጠየቀቻት። ታናሽየዋ አዎ አለች፤ አልዋሸችም።

«እንደገና አንብቢው» አለች እትዬ።

እንደገና አነበበችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትጀምር የእትዬ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀምሮ ነበር፤ ትቆጥራለች።