በበረዶው ሰሞን የተሰበረው ማሽን

አትላንታ አጠገብ፣ ብሩክሄቨን ውስጥ የሥራ ዕቃ የማከራይበት ትንሽ ሱቅ አለኝ። አትላንታ በረዶ የሚጥለው አልፎ አልፎ ስለሆነ የነበረኝ የበረዶ መጥረጊያ ማሽን አንድ ብቻ ነበር። እሱንም ያገለገለ ገዝቼ፣ የተሰነጠቀ ምላጩን ራሴ በይጄ ነው ለኪራይ ያወጣሁት።

ያን ክረምት በረዶው በጣለ ማግስት፣ ሰባ ዓመት የሚሆናቸው አንድ የወሎ አዛውንት ሊከራዩት መጡ። ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኳቸውም፤ ስልኩ ይጮሃል፣ በረዶ ማቅለጫ ጨው ፈላጊው ተሰልፏል። ፈርመው ወሰዱት።

በሦስተኛው ቀን በሰው ፒካፕ ጭነው መለሱት። ምላጩ ተገንጥሎ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ገና ሥራ ስጀምርበት ነው የተሰበረው» አሉኝ።

እንዲህ ያለ አቤቱታ ለምጃለሁ። ሰብሮ የሚመጣ ሁሉ አልነካሁም ነው የሚለው።

«አባባ፣ ከድንጋይ ጋር አጋጭተውት ነው። እኔ ቼክ አድርጌ ነው የሰጠሁዎት።»

«ወላሂ አላጋጨሁትም።»

«ታዲያ ማሽን ዝም ብሎ ይሰበራል?»

ይህን ያልኩት ደንበኛ እየሰማ ነው። አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። መዳፋቸው ውሃ ቋጥሮ እንደፈነዳ ያየሁት ያኔ ነው።

«ካሳ ፈልጌ አልመጣሁም» አሉ። «ለሌላ ሰው እንዳትሰጠው ብዬ ነው።» ወጥተው ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑን ፈታሁት። የግጭት ምልክት የለበትም። የተገነጠለው እኔ በበየድኩት መስመር ላይ ነው፤ ውስጡ ዝጎ ሳለ ከላይ ከላዩን ነበር የሸፈንኩት።

ውሉ ላይ ወዳለው ቁጥር ስደውል ልጃቸው አነሳች። «አባዬ ለቅሶ ላይ ናቸው» አለችኝ። እናቷ የሞተችው በረዶው በጣለበት ዕለት ነበር። ማሽኑን የወሰዱት የመስጊዱን ግቢ ጠርገው የባለቤታቸው ጀናዛ እንዲወጣ ነው። ማሽኑ ሲቆምባቸው ከሁለት ጎረቤቶች ጋር በአካፋ ሲዝቁ ዋሉ፤ ግቢው ግን ለቀብሩ ሰዓት አልደረሰም። ቀብሩ ለማግስቱ አደረ፤ ጀናዛውም ሌሊቱን እዚያው መስጊድ ቆየ።

ሱቁን ዘግቼ ቤታቸው ሄድኩ። ወንዶቹ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። አዛውንቱ አጠገብ ተንበረከክሁ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የለቀቀው የእኔ ብየዳ ነው። እርስዎን ደግሞ ሰው ፊት ውሸታም አደረግሁዎት።»



«አፉ ብዬሃለሁ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው እንጃ፣ «እሷ ግን ብርድ አትችልም ነበር» አሉ።

ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። አንድ ለቀስተኛ ገብቶ ማንነቴን ሲጠይቃቸው፣ «ወዳጅ ነው» አሉት። ቀና ብዬ ሰውየውን ማየት አቃተኝ።