የፍራኔ እግርና የትሮጊር ድንጋይ

ፍራኔ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በጋውን በየቀኑ ትሮጊር ከተማ ሄዷል፤ ትሮጊርን ግን አልረገጠም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ከደሴታችን ጎብኚዎች ይጭናል፣ ባሕሩን አቋርጦ አሮጌው ወደብ ያደርሳቸዋል፣ እነሱ ወርደው ሲበተኑ እሱ ጀልባዋ ላይ ይቀራል። ቡናውን አስተናጋጁ ከዳር ሆኖ ያቀብለዋል። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ ወደ ጀልባዋ ይወርድለታል። ጥርሱን ያመመው ጊዜ ግን ሐኪሟ መሣሪያዋን ተሸክማ አልወርድም ስላለች፣ ጉንጩን አሳብጦ እስከ ስፕሊት ከተማ ሄዶ አስነቀለ።

እኔ የአክስቱ ልጅ ነኝ። ጀልባዋ ላይ ገመድ የምወረውረውና የማስረው እኔ ስለሆንኩ ይህን ሁሉ ጉድ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሁሉ የሚያስቀኝ ከተማዋን ለጎብኚ ሲያስረዳ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ የተቀረጸውን እያንዳንዱን አንበሳ ያውቃል፣ ከበሩ ቀጥሎ ስላለው ዳቦ ቤት ሲያወራ ምራቅ ያስውጣል። ዳቦ ቤቱ የስልክ መሸጫ ከሆነ አሥራ አምስት ዓመቱ ነው። ሰዎቹ ተመልሰው ዳቦ ቤት አጣን ሲሉት ምሳ ሰዓት ይዘጋል ይላቸዋል።

ነገሩ የተጀመረው በወንበሩ ነው። በእኛ ባሕር ዳር ወደብ ያለው ከተማ ሁሉ አንድ የድንጋይ ወንበር አለው፤ እዚያ ላይ ጡረተኞች ተደርድረው የሚመጣውን ጀልባ ይፈርዳሉ። ማንም አልሾማቸውም። ጀልባው በደንብ ተጠግቶ ከታሰረ ዝም ይላሉ፣ ምስጋናቸው እሱ ብቻ ነው። ከተበላሸ ግን ሰውየው እስኪሞት ያወሩበታል። የትሮጊር ወንበር አለቃ ከተማው ሽዮር ዬርኮ እያለ የሚያከብረው የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ከእሱ ቀድሞ አፉን የሚከፍት አልነበረም።

የዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት ፍራኔ ጀልባውን ሞልቶ መጥቶ ሲጠጋ የጀልባዋ ኋላ ከወደቡ ግንብ ጋር ተጋጨ። ቀለሟ ክንድ ያህል ተላጠ። ዬርኮ ቀስ ብሎ ተነሣና፣ "ፍራኔ፣ ይህ ግንብ እዚህ ከቆመ አምስት መቶ ዓመቱ ነው። አላየኸውም?" አለው። ወንበሩ ሳቀ። ቋንቋውን የማያውቁት ጎብኚዎች ሳይቀሩ ሳቁ። ፍራኔ ዓይኑ ደም ለብሶ፣ ጥፋቱ የእኔ እንዳልነበር ይህ ሰውዬ በገዛ አፉ እስኪናገር ድረስ እግሬ የትሮጊርን ድንጋይ አይረግጥም ብሎ ማለ። ያን ጊዜ ሴት ልጁ ማሪየታ አራት ዓመቷ ነበር።

ልጅ ያድጋል። ማሪየታ አደገችና ከዓለም ወንድ ሁሉ መርጣ የዬርኮን ልጅ ሮኮን ወደደች። በእኛ ልማድ የደሴት ሙሽራ በጀልባ ትመጣለች፣ አባቷም ክንዷን ይዞ ከጀልባዋ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ያደርሳታል። ሠርጉ እየቀረበ ሲመጣ የፍራኔ ሚስት ቴሬ እንቅልፍ አጣች። ከጀልባዋ እስከ መቅደሱ ምንጣፍ እናንጥፍልህ ብትለው፣ ከምንጣፉ ሥር ያለው ምንድን ነው አላት። ቄሱ በንዴት የተማለ መሐላ አያስርም ቢሉት፣ ያኔም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ተናድጃለሁ አላቸው። ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይባላል፤ የእኛ ሰው ተረቱን በተግባር ሊያሳየን ነው አልኩ። በዚያ በኩል ሮኮ አባቱን ቢለምን፣ ዬርኮ አንዱን ከማርን ነገ ማንም እየመጣ ይላተማል ብሎ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

የሠርጉ ቀን የደቡብ ንፋስ ተነሣ። ወንበሩ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ ተደርድሯል። ፍራኔ ጀልባዋን አዙሮ፣ ሞገዱን ጠብቆ፣ ከግንቡ መሐል እንቁላል ቢያስቀምጡ በማይሰበርበት ሁኔታ አስጠጋት። ሠላሳ ዓመት ገመድ ስወረውር እንዲህ ያለ አላየሁም። ወንበሩ ጸጥ አለ። ሁሉም ዬርኮን አየ። ዬርኮ ጉሮሮውን ጠረገና፣ "ትንሽ ወደ ግራ ቢሆን" አለ።

ፍራኔ የሞተሩ ክዳን ላይ ቁጭ አለ። አለቀ። ማሪየታ አባቷን አየችው፤ መውረድ እንደሚፈልግ እንኳን ለልጁ ለድንጋይም ይገባው ነበር። ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሽዮር ዬርኮ፣ አባቴ ካላወጣኝ እርስዎ ያውጡኝ። ካልሆነ ቄሱን እዚህ ይጥሩልኝ" አለች።

ከተማው ሁሉ እያየ እምቢ ማለት አይቻልም። ዬርኮ ወደ ዳሩ መጣ። ድንጋዩን ያዘ፣ ገመዱን ያዘ፣ የእኔን ጆሮ ሊይዝ ነበር። አንድ እግሩን ጀልባዋ ላይ እንዳሳረፈ ሞገድ መጣና ጀልባዋን ዝቅ ሲያደርጋት ሌላው እግሩም ተከትሎ ገባ። ፊቱ ጎመን መሰለ። ያን ሁሉ ዓመት የስንቱን ባሕረኛ ስም ያነሣና ይጥል የነበረው ዳኛ ለካ ጀልባ ላይ ቆሞ አያውቅም። የፍራኔ አንገት ላይ ተጠመጠመና ዓይኑን ጨፍኖ፣ "አውጣኝ፣ በእናትህ አውጣኝ" አለው።

ባሕረኛ የሚሰምጥ ሰው ሲያይ አያስብም። ፍራኔ ብድግ አደረገው፣ እንደ ዱቄት ጆንያ ትከሻው ላይ ጣለውና በአንድ እርምጃ ወጣ። ቴሬ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ፍራኔ የትሮጊርን ድንጋይ በሁለት እግሩ ረግጦ ቆሟል፤ እሱ ግን ገና አላወቀም።

ዬርኮ ከትከሻው ሳይወርድ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለ። ቅርብ ስለነበርኩ ሰማሁት። "ያን ቀን ንፋሱ ነበር ፍራኔ። አይቼዋለሁ። ሰዎቹ ሲስቁልኝ ጊዜ ቃሌን መመለስ አቃተኝ" አለው።

ፍራኔ ቀስ አድርጎ አወረደውና ከረባቱን አቃናለት። ከዚያ እግሩን አየ፤ ድንጋዩን አየ። ማሪየታ ከጀልባዋ ላይ ሆና፣ "አባዬ፣ ሽዮር ዬርኮ ምን አለህ?" ብላ ጠየቀችው። ወንበሩም ጆሮውን አቁሟል። አንድ ቃል ብቻ ቢተነፍስ ዬርኮ ከዚያ ቀን በኋላ እዚያ ወንበር ላይ አይቀመጥም ነበር።

"ቀስ በል፣ ቀሚሷ እንዳይረጥብ አለኝ" አላት ፍራኔ፣ እጁንም ዘረጋላት።