ከመጽሐፏ ያወጣኋት ጫልቱ

ይህን ከአላህና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። እናቴ ሳትሰማው አለፈች። ከሱቄ ፊት ለፊት ጫት የሚሸጠው ጓደኛዬ እንኳ፣ ስንት ከሰዓት አብረን ተቀምጠን፣ አንድም ቀን አልነገርኩትም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው።

ጭሮ ውስጥ ጽሑፍ እየተየብኩ፣ የመጽሐፍ ገጽ እያዘጋጀሁ እኖራለሁ። በከተማው መጽሐፍ ማዘጋጀት የሚችል እኔ ብቻ ነኝ እያልኩ አወራ ነበር። ጋሽ ይልማም ወሬዬን ሰምተው ነው ደብተራቸውን ይዘው የመጡት።

ጋሽ ይልማ በወጣትነታቸው ከደሴ ወደ በደሳ ከተማ ተመድበው ያስተማሩ፣ ጡረታ ሲወጡም ወደ አገራቸው ያልተመለሱ መምህር ነበሩ። ያስቀረቻቸው ሚስታቸው ጫልቱ ናት፤ የሂርና ከተማ ልጅ። ልጅ አልወለዱም። እሷ ስትሞት ባዶ ቤት ተቀምጠው ስለ እሷ ጻፉ። «ከድር፣ መጽሐፍ ሆኖ ልየው» አሉኝ።

እኔ ምን አደረግሁ?

ገጾቹን አሳምሬ ጨረስኩ። ስክሪኑ ላይ አንድ እንከን አልነበረም። ለማተሚያ ቤት ወደ ፒዲኤፍ ስቀይረው ግን አንዳንድ ፊደላት ጠፍተው በቦታቸው ባዶ ሳጥን መጣ። ቋ፣ ጇ፣ ጿ፣ ቷ። ሳቋ፣ እጇ፣ ድምጿ፣ ቤቷ። «የእሷ» የሚያሰኙት ፊደላት ናቸው የጠፉት። ደጋግሜ ቀየርኩት፤ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ሳጥን። አዲስ አበባ ያለው ማተሚያ ቤት ተራችሁ ሊያልፍ ነው እያለ ይደውላል። አንድ ሰው ብጠይቅ ምን ነበረበት? አፈርኩ። አልችልም ማለት አቃተኝ። ስለዚህ ቃላቱን ለወጥኳቸው። «የእሷ ሳቅ» እያልኩ ባረዝመው ያሳመርኩት ገጽ ሁሉ ይዛነፍብኛል ብዬ አሳጠርኳቸው። ሳቋን ሳቅ፣ እጇን እጅ፣ ድምጿን ድምፅ አደረግሁት። ከገጽ ገጽ እየሄድኩ ጫልቱን በገዛ እጄ አወጣኋት። ሳጥኖቹ ጠፉ። ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

መጽሐፉ ታትሞ በመጣ በሦስተኛው ቀን ጋሽ ይልማ ሱቄ መጡ። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው አነበቡልኝ።

«‹ሳቅ ከበር ሲሰማኝ ድካሜ ይጠፋ ነበር› ይላል። የማን ሳቅ? እንዲህ ብዬ ነው የጻፍኩት?»

«አዎ ጋሼ።»

«እስቲ ደብተሩን አምጣው።»

«ለእርማት ልኬው ማተሚያ ቤት ቀርቷል። ወላሂ፣ እንደጻፉት ነው የተየብኩት።»

ደብተሩ ጉልበቴ አጠገብ፣ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ማልኩ። በሐሰት ማልኩ።

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። አልተቆጡም። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «እንግዲያው ጭንቅላቴ ከድቶኛል። የእሷን ነገር እንኳ አስተካክዬ መጻፍ ካቃተኝ…» ብለው ሳይጨርሱት ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲያጫውታቸው «እኔ እረሳለሁ፣ አትመኑኝ» ማለት ጀመሩ። ብቻቸውን መኖር ፈርተው ደሴ እህታቸው ዘንድ ሊሄዱ ሲነሱ፣ ሻንጣቸውን እስከ መናኸሪያ የያዝኩላቸው እኔ ነኝ። «መቃብሯን ጥዬ መሄዴ ነው» አሉኝ በመኪናው መስኮት። ያኔ መናገር እችል ነበር። አልተናገርኩም። መኪናው ሲወጣ ቆሜ አየሁና ወደ ባዶ ሱቄ ተመለስኩ።

በኋላ የሌላ ሰው መጽሐፍ ላይ ያው ሳጥን ሲመጣብኝ ለማተሚያ ቤቱ ባለሙያ ደወልኩ። «የመረጥከው ፎንት እነዚያ ፊደላት የሉትም፤ ኮምፒውተሩ ከሌላ ፎንት ተበድሮ ነው ስክሪን ላይ የሚያሳይህ። ፊደሉ የተሟላ ፎንት ቀይርና እንደገና ላክልኝ» አለኝ። ሻዬ ሳይበርድ ተስተካከለ። ይኸው ነበር።

የጋሽ ይልማ ስልክ ነበረኝ። ስንት ጊዜ ስማቸው ላይ ደርሼ ተውኩት? ነገ እደውላለሁ፣ ነገ እደውላለሁ ስል፣ በደሳ አብረዋቸው ያስተማሩ ሰው መሞታቸውን ነገሩኝ። «እህታቸው ስለ ጫልቱ አጫውተኝ ስትላቸው፣ ‹ልሳሳት እችላለሁ› እያሉ መጨረሻ ላይ ስለ እሷ ማውራቱንም ተዉት» አሉኝ።

ባለማወቄ ነው አልልም። ያላወቅሁት የሳጥኑን ነገር ብቻ ነው፤ የዋሸሁት አውቄ ነው። እናንተም ይቅር አትበሉኝ። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ሰው እኔን አምነው፣ ራሳቸውን ተጠራጥረው ሞቱ።