«ማ» ለማለት ማስረጃ

ልብስ አጣቢዋ ልጇ ሦስት ዓመት ሞልቶት አፉን ባለመፍታቱ የጎረቤቱን ሽሙጥ ጥርሷን ነክሳ ችላ ኖራለች። ዛሬ ቀሚሷን ጎትቶ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ «ማ!» አላት። በደስታ ጮኻ ሳትጨርስ የባሏ ወንድም፣ አራት ቋንቋ ተምሮ በአንዱም ደግ ቃል የማይወጣው ምሁር፣ ከመጽሐፉ ቀና አለ።

«ተረጋጊ እንጂ እትዬ። ‹ማ› በጣልያንኛ ‹ግን› ማለት ነው፤ በቻይንኛ ደግሞ ቃናውን ለወጥ ካደረጉት ፈረስ ይሆናል። አንቺን ለመጥራቱ ምን ማስረጃ አለሽ?»

«ማስረጃ?» ደሟ ፈላ። «አንተ ጉደኛ! ቻይና ነው ያደገው? ፈረስም ብሎ ይጥራኝ፣ የጠራው እኔን ነው!»

አረፋ በአረፋ በሆነ እጇ መጽሐፉን ከጭኑ ነጥቃ ደጅ ወረወረችና ልጇን አቀፈችው። እሱም አጎቱን ዞር ብሎ ሳያይ ፊቷን በሁለት እጁ ይዞ ደገመላት።