ሳልጠይቅ የሞላሁት መጠይቅ

ይህ የደረሰብኝ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ ሶዶ ውስጥ በጸሐፊነት ስሠራ ነው። ስንቱን ረስቼ ይህን መርሳት አቅቶኛል። ባስታወስሁት ቁጥር፣ ብቻዬን ሆኜ እንኳ ፊቴ ይግላል።

አቶ መኮንን የሚባሉ የባንክ ሰው በንግድ ሥራ ውጭ አገር ለጀመሩት የዶክትሬት ትምህርት ስለ ቅቤ ንግድ ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ መጡ። ወላይትኛ ስለማይችሉ ቦዲቲ ገበያ ሄጄ ቅቤ ሻጮቹን እንድጠይቅላቸው ለመኑኝ። ልማዳቸው ለእኔ ጉድ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነስተው ይጽፋሉ፤ የሰሙትን ሳያሳድሩ ይመዘግባሉ፤ ሰው የነገራቸውን ተመልሰው ለራሱ ሳያነቡለት አያምኑትም። ዶክተር ለመባል ይህ ሁሉ መከራ ምንድነው እያልሁ በሆዴ እስቅባቸው ነበር።

እውነቱን ልናገር። ከረባት አስሬ ከቅቤ ሻጮች ጋር መሬት ላይ ስቀመጥ፣ ያውም በወላይትኛ ሳወራ፣ የቢሮ ሰው እንዲያየኝ አልፈለግሁም። ደግሞስ የዚያው አገር ልጅ አይደለሁ? ምን ይጠፋኛል? ሻይ ቤት ገብቼ የማውቃቸውን ቅቤ ሻጭ ሴቶች ስም እየጻፍሁ መጠይቁን በሙሉ ከራሴ ሞላሁት።

በሳምንቱ አቶ መኮንን መልሱን ለሴቶቹ እናንብብላቸው አሉ። ምክንያት ብደረድርም አልሰሙኝም። ቦዲቲ ገበያ ሄደን መጀመሪያ ያገኘናቸው የአባቴን መንደር ሰው ወይዘሮ ማርታን ነበር። አቶ መኮንን ያነባሉ፣ እኔ እተረጉማለሁ። "ቅቤውን የሚሰበስብልኝ ባለቤቴ ነው" የሚለው ላይ ስንደርስ ወይዘሮ ማርታ ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ በወላይትኛ ቀስ ብለው፣ "ባሌን ከቀበርሁ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ለቅሶ ስትቀር ሥራ ይዞት ነው ብያለሁ። ለካ አልሰማህም" አሉኝ።

አቶ መኮንን ምን አሉ ብለው ጠየቁኝ። ልዋሽ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ። እንዳሉት ተረጎምሁላቸው።

"ስንቶቹን ጠይቀሃል?"

"አንዳቸውንም።"

ወረቀቶቹን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። አልተቆጡም፤ ከባንኩ ያገኙት ፈቃድ ሊያልቅ አራት ቀን እንደቀረው፣ ያለዚህ ጥናት ትምህርታቸው እንደማያልቅ ብቻ ነገሩኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ወይዘሮ ማርታ ንግግራችን ባይገባቸውም ፊታችንን አይተዋል። በኮባ የተጠቀለለውን ቅቤያቸውን ገፋ አድርገው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ። "ተቀመጥና ጠይቀኝ" አሉ።

ተቀመጥሁ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጠየቅኋቸው፤ አንድም ሳያስቀሩ መለሱልኝ። በቀሩት ቀናት ሌሎቹን ሴቶች ሁሉ ጠይቄ ጨረስሁ። አቶ መኮንንም ከዓመታት በኋላ ዶክተር መባላቸውን ሰማሁ።

የሚያሳፍረኝ መዋሸቴ ብቻ አይደለም። ወይዘሮ ማርታን የጠየቅሁ ቀን ማታ ሶዶ ስገባ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ሁሉ ስጠይቃቸው፣ "እግዚአብሔር ያጽናዎት" አላልኋቸውም ነበር።