በሁዳዴ የተገዛ ቅቤ

በጣሊያን ዘመን፣ በሁዳዴ ጾም አጋማሽ ልጄ ወለደች። ጡቷ ወተት አልሰጥ አለ። ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ እንዲሁ ጡቷ ደርቆ ሕፃኗን ቀብራለች። የልጄ ገንፎ የገብስ ብቻ ነበር፤ ቅቤ የሚባል በቤታችን የለም። ሞላሌ ገበያ ልሄድ ተነሣሁ። በሁዳዴ ክርስቲያን ሁሉ ስለሚጾም የቅቤ ዋጋ ይወድቃል፤ አራስ ግን አትጾምም። እኛ ድሆች ቅቤ የምንገዛው እንዲህ ጊዜ ጠብቀን ነው።

ከጓሳ ሥር እስከ መሐል ሜዳ

ለመሸጥ ያሰብኩትን የበግ ጠጉር ባና ተሸክሜ በውርጩ ወጣሁ። ዳገቱ ላይ የባሌ እህት በበቅሎ ደረሰችብኝ። ስሟን አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። ባሏ ለጣሊያን ካምፕ እህል ይሰበስባል። ባሌ የሞተ ሰሞን "የወንድሜ ናት" ብላ የምትታለብ ላሜን ነድታ የሄደችው እሷ ናት።

"በእግርሽ ነው?" አለችኝ።

"በቅሎዬ ጾም ይዛለች።"

ሳትስቅ አለፈችኝ። መሐል ሜዳ ዘመድ ቤት ቆሎ ቆርጥሜ አደርኩ።

ሞላሌ

ባናውን ሸጬ ቅቤ ተራ ገባሁ። ዋጋውን ስሰማ "ፋሲካ ገባ እንዴ?" አልኩ።

ሻጭዋ ሳቀች። "እማማ፣ ጣሊያን አይጾምም። ካምፑ ጠርጎ ይወስደዋል። በያዙት ገንዘብ ቅሉን ልሽጥልዎ፤ ባዶውን።"

ዞር ስል የባሌ እህት ቅቤ የሞላበት ትልቅ ቅል ታቅፋ ቆማለች። ጧፍ ሊገዙ የመጡት የሁለታችን የንስሐ አባትም ከኋላዋ ብቅ አሉ።

"ልጄ፣ ይህ ሁሉ ቅቤ በሁዳዴ?" አሏት።

"ለጠጉሬ ነው አባ! አናቴን እየፈለጠኝ ልቀባው ብዬ ነው።"

ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም።

"እህቴን! መታመምሽን መቼ ሰማሁ? ነይ፣ እኔው ልቀባሽ" ብዬ ሻሿን ፈታሁና ሙሉ እፍኝ አናቷ ላይ ለጠፍኩላት። ሻጮቹ ሥራ ፈትተው ከበቡን።

"ይበቃል!" አለች።

"ምኑ ይበቃል? ቅሉ እኮ ገና አልጎደለም።" ደግሜ ስዘግን እጄን ያዘች።

አባ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። "ከተቀባሽ የተረፈው በጾም ቤት ምን ይሠራል? የወንድምሽ ልጅ አራስ ናት።"

"እኔም… ልሰጣት አስቤ ነበር" አለች፣ ቅቤው በጆሮዋ እየወረደ።

"አንቺ መች ትጨክኛለሽ!" ብዬ ቅሉን ተቀበልኳት።

ወደ ቤት

በባናው ገንዘብ ጨው ገዝቼ ተመለስኩ። ልጄ ገንፎውን ቅቤው በአገጯ እስኪወርድ በላች። ከቀናት በኋላ ወተቷ መጣና ሕፃኑ ጠግቦ ተኛ፤ እኔም ልጄ ከወለደች ወዲህ እንቅልፍ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት፣ ጾም የቅቤን ዋጋ የሚያረክሰው ሀብታሙም ሲጾም ብቻ መሆኑን ነው። የባሌ እህት ግን በቃሏ ታሰረች። ያልተቀባች እንደሆነ ሰው በቤቷ ያለውን ቅቤ በላችው ሊላት ነው። ሁዳዴ እስኪያልቅ በየእሑዱ ተቀብታ ቤተ ክርስቲያን ትመጣለች። ፀሐይ ሲበረታ ይቀልጥባታል። አባ ባዩዋት ቁጥር ሕመሟን ይጠይቋታል።

"እየተሻለኝ ነው" ትላለች፣ ቅቤውን ከቅንድቧ እየጠረገች።