ሙከራ ዘጠኝ

የልጅ ልጄ እጆች ነጭ ሽንኩርት ይልጣሉ። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ሲነካኩ የሚውሉ ጣቶች ናቸው፤ ሲመሽ ይቆረጥማታል።

የድርጅታቸው ሰርቨር የሚሉት ትልቅ ኮምፒውተር ውስጡ እንደ ሰፊ ግቢ በብዙ ክፍሎች የታጠረ ነው። በአንዱ ክፍል የሚሆነው ሌላውን አይነካም። እሷ ጠዋት አንድ በአንድ ታስነሳቸው፣ ማታ ሰው የሚሠራበትን እየዘለለች የቀረውን አንድ በአንድ ታጠፋ ነበር። ሲሰለቻት ትእዛዙን ሁሉ በተራ ጽፋ ለማሽኑ ሰጠችው። ስክሪፕት ይሉታል። «አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ስሙ በሙከራ የሚጀምረውን ክፍል ሁሉ ዝጋ፤ ውስጡንም ጠራርገህ ጣል» ይላል፤ የነገው ሙከራ በንጹሕ እንዲጀመር። ያን ሐሙስ ማሽኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻውን ሊዘጋ ስለ ነበር፣ በጊዜ ወጥታ እኔ ዘንድ መጣች።

ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ያስቆጠረችኝም እሷ ናት። እንዳልረሳ ያገኘችውን ሁሉ ታስነብበኛለች። የዚያን ቀን የክፍሎቹን ዝርዝር በአማርኛ ጽፋ አመጣችልኝ።

«ጮክ በይ እማማ፣ አታጉረምርሚ።»

እንደ ሌላው ሰው በዓይኔ መሮጥ አልችልም። እያንዳንዷን ቃል ሳልጨብጥ አላልፍም።

«ሙከራ ስምንት። ተጠቃሚ… አንድ። ሙከራ ዘጠኝ። የኩላሊት… ሕሙማን… የመድኃኒት መጠን። ተጠቃሚ… ሁለት መቶ… አሥራ ሁለት።»

«ጎበዝ!»

«ልጄ፣ ይሄ ሁሉ በሽተኛ በሙከራ ነው እንዴ የሚታከመው?»

እጆቿ ቆሙ።

«እማማ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«ለአሥራ ሁለት አምስት ጉዳይ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። አንድ ክሊኒክ ያንን ክፍል ለሁለት ሳምንት ሊሞክረው ወስዶ፣ ሲስማማው ሕሙማኑን ሁሉ አስገብቶበት ኖሯል። «ስሙን ኋላ እንቀይረዋለን» ተባብለው ነበር። ኋላ ደግሞ እግር የለውም። ለሙከራ ክፍል ቅጂ አይቀመጥም፤ ከተጠረገ ለማን ስንት መድኃኒት እንደሚሰጥ የሚያውቅ የለም።

ኮምፒውተሯ ቢሮ ነው። ከቁመቱ የተነሳ ቀጭኔ ለሚሉት፣ ቢሮ ለቀረው ባልደረባዋ ደወለች። አላነሳም። ደገመች። እጇ ሽንኩርት ስለ ነካ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ድምፁን ለሁለታችን ከፈተችው። በሦስተኛው አነሳ።

«ቀጭኔ፣ ስክሪፕቱን አቁመው!»

«እንዴ! ‹ራሱ ይሠራል፣ ማንም እጁን እንዳያስገባ› ብለሽ ጠዋት ስትፎክሪብን አልነበር?»

«ዘጠኝ ውስጥ በሽተኞች አሉ! በእናትህ!»

ሳቁ ተቋረጠ። ወንበር ሲወድቅ ሰማሁ።

«ጀምሯል» አለ። «አምስት ተዘጋ። ስድስት…»

እኔም በወረቀቱ ላይ በጣቴ አብሬው ወረድኩ። ሰባት። ስምንት። ጣቴን ዘጠኝ ላይ ጫንኩት። አምስት ልጅ ወልጃለሁ፤ በምጥ እንኳ እንዲያ አልፈራሁም።

«ቆመ» አለ። «ዘጠኝ ተርፋለች። ስምንት ግን የእኔ ነበረች! የሳምንት ሥራዬን በላሽው እኮ፣ አንቺ ጉድ!»

እሷ አልሳቀችም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን አቀፈች።

በማግስቱ ለአለቃዋም ለክሊኒኩም ጥፋቷን ራሷ ተናገረች። ለክፍሉም የራሱ ስም ወጣለት። ስክሪፕቱም አሁን ከመዝጋቱ በፊት ውስጥ ሰው ይኑር አይኑር ያያል፤ ካለ አይነካውም። ቢሆንም አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ትደውልልኝና «እማማ፣ እስቲ ዝርዝሩን አንብቢልኝ» ትለኛለች። አነባለሁ፤ ስምንትን ሳልፍ ዛሬም ቀስ እላለሁ።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ ለሙከራ ብላችሁ ከፍታችሁት ሰው የገባበት ነገር ካለ፣ ዛሬውኑ ስሙን ቀይሩልኝ። በራሱ እንዲዘጋ ከማዘዛችሁ በፊትም ዝርዝሩን ቀስ ብሎ ለሚያነብ ሰው ስጡት። ካጣችሁ ለእኔ አምጡልኝ፤ ብቻ በአማርኛ ይሁን።